ክቡር ቨርሊንና የሳቫና ባሕር

ሳይጠየቅ የአየር ጠባይ የሚነግር ሰው የሌለበት መንደር በምድር ላይ የለም። ካለ እኔ አላየሁትም፤ ያላረጋገጥኩትን ደግሞ አልጽፍም። ሥራዬ ነው፤ የወረዳችንን ልደት፣ ጋብቻና ሞት የምመዘግበው እኔ ነኝ። ይህ ዓይነቱ ሰው ሌላው ሕዝብ ቤት መስኮት ያለ አይመስለውም። በረዶው ትከሻህ ላይ ተከምሮ ሳለ "ዛሬ በረዶ ሳይጥል አይቀርም" ይልሃል፤ በማግስቱ "ብዬህ አልነበር?" ሊልህ ይመጣል።

በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ያለችው የእኛዋ ሆልምዴል የታደለችው ክቡር ቨርሊን ሀውግስታድን ነው። ዕድሜያቸውን የእህል መጋዘን ሲያስተዳድሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ ከራሳቸው የማይለይ ጎረቤቴ ናቸው። ፊት ለፊት "አንተ" ነው የምላቸው። በጽሑፍ ግን ማዕረጋቸውን አልነፍጋቸውም።

በየማለዳው በአጥሬ በኩል ብቅ ይላሉ። "ማርሊስ፣ ከርት ያለውን ሰማሽ?"

ከርት የአካባቢያችን ቴሌቪዥን ጣቢያ የአየር ትንበያ አቅራቢ ነው። ክቡርነታቸው ከርትን በአካል አይተውት አያውቁም፤ ግን ጉንፋን ሲይዘው ይጨነቁለታል። ሬዲዮ አለ፣ ስልክ አለ ስላቸው፣ "ፊቱን የማላየው ሰው የሚለኝን አላምንም" ይሉኛል።

ጥር ላይ ከርት ጠፋ። የሳተላይት ኩባንያውና የጣቢያው ባለቤቶች በዋጋ ሳይስማሙ ውላቸው አለቀና፣ ከርት ይቆምበት በነበረው ቦታ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ። ጽሑፉ ጥፋቱ የጣቢያው ነው ይላል። ጣቢያው በጋዜጣ ጥፋቱ የኩባንያው ነው ይላል። ሁለቱም ለእኛ ለተመልካቾች ጥልቅ አክብሮት እንዳላቸው ገልጸዋል። እሑድ ኳሱ ሲቀር ግን መንደሩ ቱግ አለ፤ ኩባንያውም ሰውን ለማብረድ ዘዴ ዘየደ። ያንኑ ኳስና ያንኑ ድራማ የሚያሳይ የሌላ ከተማ ጣቢያ አመጣና ከርት በነበረበት ቁጥር ላይ ተከለው። ከተማዋ ሳቫና ናት፤ ደቡብ፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ ባሕር ዳር። ከእኛ በመኪና ሦስት ቀን ትርቃለች።

ኳሱ ያው ኳስ ነው። ዜናውና አየሩ ግን የሳቫና ነው።

በማግስቱ ክቡር ቨርሊን ብቅ አሉ። ቅንድባቸው ላይ በረዶ ተጋግሯል።

"ማርሊስ፣ ዛሬ ሸሚዝ ብቻ ይበቃል።"

የካፖርቴን አንገትጌ ወደ ላይ ሳብኩ።

"የባሕሩ ውሃ ከቀትር በኋላ ይሞላል። ጀልባ ያለው ሰው ጠበቅ አድርጎ ይሰር።"

"ቨርሊን፣ እስቲ ሁለቱንም እጆችህን ወደ ላይ አንሣ።"

"ለምን? ልትዘርፊኝ ነው?"

"አንጎልህ ውስጥ ደም ፈሶ እንደሆነ ለማየት ነው።"

ሁለቱንም እኩል አነሡ፤ ጤነኛ ናቸው። ያ ይብስ አስደነገጠኝ። ሕመም ቢሆን ስም ይኖረው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የላቮን ምግብ ቤት ደንበኞች ሁሉ ይመሰክራሉ። ክቡርነታቸው አንድ ቀን ገብተው ወንበር ሳይስቡ "ከንቲባው ሌባ ነው" አሉ።

ላቮን ቡና የምትቀዳበት እጇ ቆመ። "ሮጀር? የኛው ሮጀር?"

"የሳቫናው ነው እንጂ።"

"አንተን ምን አገባህ ታዲያ?"

"ሁሉም ምን አገባኝ እያለ ነው እዚህ የደረስነው።"

"እንግዲያው ግብርህንም እዚያው ክፈል" አለቻቸው። ሳቅ ሆነ። ክቡርነታቸው አልሳቁም፤ የወደቡ መንገድ በጥገና ምክንያት ተዘግቷልና በሌላ በኩል ዙሩ ብለው አሳሰቡን። ሳምንቱን ሙሉ ሽሪምፕ ስለሚባለው የባሕር ምግብ ማጥመጃ ወቅት፣ አደባባዩ ላይ ስለሚያብቡት ዛፎች፣ ትንበያ አቅራቢዋ ስለምታሳድገው ባለ ሦስት እግር ውሻ ሰበኩን። ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ ቆመን ስለ ወበቅ እንሰማ ነበር። ጨዋ የሉተራን ምእመናን ስለሆንን ማንም አላቋረጣቸውም።

እኔን ግን የሚያስቀኝ አልነበረም። ባለቤታቸው አርዲስ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ ባለች ከተማ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናት፤ የማስታወስ ችሎታዋ ከድቷታል። ክቡር ቨርሊን በየቀኑ እየነዱ ይጠይቋታል። የሚቀሩት ከርት "ዛሬ በረዶ ያዘለ ነፋስ ይመጣል፣ ከቤት አትውጡ" ሲል ብቻ ነበር። አሁን ከርት የለም። ያንን መንገድ አውቀዋለሁ። ባለፈው መጋቢት ባሌ ኦሪን በዚያው መንገድ ላይ በበረዶ ነፋስ መንገድ ስቶ ቀርቷል። ሞቱን ቢሮዬ ውስጥ የመዘገብኩት ራሴ ነኝ።

በየካቲት አንድ ማለዳ ነፋሱ ከሰሜን ተነሣ። የመንገዱ ማዶ ጠፋ፣ ቀጥሎ አጥሬ ጠፋ። በዚያ መሃል የክቡር ቨርሊን ፒካፕ ሞተር ሲያጓራ ሰማሁ። እኛ ዘንድ በክረምት ሰው መኪናውን አስነሥቶ ግቢ ውስጥ እንዲሞቅ ይተወዋል፤ ቁልፍ የሚነቅል የለም፤ የሚሰርቅም ኖሮ አያውቅም። ካፖርቴን ደርቤ ግድግዳቸውን እየዳበስኩ ሄድኩ፤ የፒካፑን በር ከፈትኩ፤ ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ክቡርነታቸው ፔርሙዛቸውን ታቅፈው ወጡ። "ምን ሆነ?"

"ቁልፍህ እኔ ጋ ነው።"

"አምጪው።"

"አልሰጥህም። ሰማዩን እየው።"

"አይቼዋለሁ።"

"ያቺ የሳቫና ሴትዮ ጥርት ያለ ቀን ነው ብትል የምትለው ሌላ አገር ነው፣ ቨርሊን። ሌላ አገር። ገባህ?"

ፔርሙዛቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ከዚያ የተናገሩት እንዲህ ነው፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው።

"ማርሊስ፣ ሰማንያ ክረምት ያለፈው እላዬ ላይ ነው። በረዶ መጣ አልመጣ የሳቫና ሴት ትነግረኛለች ብዬ የምጠብቅ ይመስልሻል?"

ነፋሱን ረሳሁት። "እያወቅክ ነው ልትሄድ የነበረው?"

"አርዲስ ትጠብቀኛለች። ስለ ባሕሩ እስክነግራት ቁርስ አትበላም።"

እጃቸውን ይዤ ወጥ ቤታቸው አስገባኋቸው። ፔርሙዙን እንደታቀፉ ተቀመጡና እንደ ተያዘ ሌባ ተናዘዙ። አርዲስ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ ያለችው ባሕር ዳር ይመስላታል። በሕይወቷ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ሊሄዱ ባሰቡ ቁጥር መከር ይደርስ ነበር። በየቀኑ "ባሕሩ ዛሬ እንዴት ነው?" ትላቸዋለች።

"እኔ ደግሞ ስለ ስንዴ እንጂ ስለ ባሕር ምን አውቃለሁ? 'ደህና ነው' እላታለሁ። ትናደዳለች። 'ደህና ነው' ማለት ምን ማለት ነው ትለኛለች። እውነቷን ነው። ከዚያ በጥር ቴሌቪዥኑን ስከፍት ባሕሩ ከርት ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል።"

"እኛንስ ለምን ታደርቀን ነበር?"

"እለማመድ ነበር" አሉ። "እሷ ፊት ስደናበር ታውቅብኛለች። አንቺ ላይ አንድ ጊዜ፣ ላቮን ጋ አንድ ጊዜ ካልኩት በኋላ ይለቅልኛል።"

ያ ሁሉ ማለዳ፣ ያ ሁሉ ወበቅና ሽሪምፕ፣ እኔ ላይ የተደረገ ልምምድ ነበር። ተዋናይ ንግግሩን የሚለማመድበት ባዶ ወንበር ነበርኩ።

ወደ መጦሪያው ደወልኩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ድምፁን ለቀቅኩት።

"ቨርሊን፣ የት ነህ?" አለች አርዲስ። "መስኮቱ ነጭ ሆኗል። ምንም አይታይም።"

ክቡርነታቸው ቆባቸውን አወለቁ። ያለ ቆብ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

"ጉም ነው፣ የኔ ቆንጆ" አሏት። "ከባሕር የመጣ ጉም ነው። ከቀትር በኋላ ይገፋል። ጀልባዎቹን አስረዋቸዋል፣ አንድም ሰው አልወጣም።"

"አንተስ?"

"እኔም አልወጣሁም። ማርሊስ ከለከለችኝ።"

"ጎበዝ" አለች አርዲስ። "ቁርሴን ልብላ እንግዲህ።"

ሚያዝያ ላይ ኩባንያውና ጣቢያው ታረቁ። ማን ምን እንዳሸነፈ አልነገሩንም። የሳቫናው ጣቢያ ጠፋና ከርት አዲስ ክራባት አስሮ ተመለሰ፤ መንደሩ ሞቅ ባለ ስሜት ተቀበለው፤ ላቮንም ፓይ በነጻ አደለች።

ክቡር ቨርሊን ግን በማግስቱ ወደ አጥሩ አልመጡም። ቢሮዬ መጡና፣ የሚነግሩኝ ነገር ሳይኖራቸው በሩ ላይ ቆሙ።

"ማርሊስ፣ እዚያ ዛሬ እንዴት ነው?"

"የት?"

"ታውቂዋለሽ። አንቺ ኮምፒውተር አለሽ። አርዲስ ዛሬ ደህና አይደለችም፤ ሌሊቱን አልተኛችም አሉ። ደግሞ ነጎድጓድ ትፈራለች።"

ከፈትኩት። ካርታው ላይ የጆርጂያ ዳርቻ በሙሉ ቀይ ነው። ማዕበል፣ ነጎድጓድ፣ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ፤ ከሚያስፈራ ነገር የቀረ የለም።

"ጥርት ያለ ነው" አልኳቸው። "ለስለስ ያለ ነፋስ አለ። ልጆች ውሃው ዳር እየተጫወቱ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ? ከተሳሳትኩ ታውቅብኛለች።"

"እርግጠኛ ነኝ፣ ቨርሊን" አልኩና ስክሪኑን ወደ ራሴ አዞርኩት።