ምስጥ የበላው ኔትወርክ

ሰው የሚኖርበት ቦታ ሁሉ አንድ «ብዬ ነበር» ባይ አያጣም። ድልድይ ሲሰበር፣ ላም ስትሞት፣ ሰርግ ሲፈርስ፣ ከየት መጣ ሳይባል ከች ይልና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያቺን ቃል ጣል ያደርጋል። ሲሠራ አላገዘም፣ ሲፈርስ አልደገፈም፤ ግን ብሎ ነበር። ከአንገር ጉቲን ወረድ ብላ ባለችው የሰፋሪዎች መንደር ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አቶ ሰማኸኝ ናቸው። ሹመቱን የሰጣቸው የለም፤ ሊሽራቸው የቻለም የለም።

የመንደሩ ጤና ኬላ ሠራተኛ ሩክያ እኚህን ሰው ማየት አትወድም። እጮኛዋ ነቀምት ሄዶ ሌላ ያገባ ጊዜ ሰው ሁሉ ሊያጽናናት ሲመጣ፣ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው፣ «ጫማውን ሲጠርግ ያየሁት ዕለት ብዬ ነበር» አሏት። ለማን እንዳሉ እስከ ዛሬ አይታወቅም። በእጇ የነበረውን ጆግ ብትወረውርባቸው ደስ ባላት፤ አስተዳደጓ ያዛት።

የአዋቂነታቸው ምንጭ ኩይሳው ነው። በዚያ መንደር ስልክ የሚሠራው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከሰሊጡ ማሳ ማዶ፣ ምስጥ ከሰው ቁመት በላይ የቆለለው የአፈር ክምር ላይ። መደወል የፈለገ ተራውን ጠብቆ ኩይሳው አናት ላይ ይወጣና ፊቱን ወደ ጉቲን አዙሮ ይጮኻል። ከታች ተራ የሚጠብቁት ደግሞ ደንቡ ነውና ጀርባቸውን ሰጥተው እንዳልሰማ ይሆናሉ። ጋሼ ሰማኸኝ ብቻ አጠገቡ ባለው ዋንዛ ጥላ ሥር ተደላድለው በግልጽ ይሰማሉ። የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ፣ የማን በሬ እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ እዚያው ያውቃሉ። ደዋዩ የሰማውን መርዶ ገና ከራሱ ጋር ሳይመክርበት፣ ከኩይሳው ሲወርድ «ብዬ ነበር» ይጠብቀዋል።

ሩክያን ግን ኩይሳው አያስቃትም። ምጥ የጠናባትን ሴት ትቶ ማሳ አቋርጦ መሮጥ፣ ተራ የያዘውን ለምኖ ማስወረድ፣ አምቡላንሱ ይምጣ አይምጣ ሳይታወቅ መስመሩ ሲቆረጥ እንደገና መጮህ፣ ይህን ኑሮ ለጠላቷም አትመኘውም። በየስብሰባው አቤት ብላ ሰልችቷት ነበር። ስለዚህ «አቅምን ያገናዘበ የግንኙነት ቴክኖሎጂ» የሚባል ፕሮጀክት ከነቀምት የመጣ ቀን እንባዋ መጣ። ነገሩ ቀላል ነው። ከሩቅ የሚመጣውን ደካማ ኔትወርክ ስቦ ለመንደሩ የሚያከፋፍል ሳህን፣ አንድ ሶላር፣ እነሱን የሚሸከም አንድ ምሰሶ።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ሌሊሳ የነቀምት፣ የጨለለቂ ሰፈር ልጅ ነው፤ ቀልጣፋ፣ ሳቂታ፣ «ራኮን ህንጅሩ» ከአፉ የማይጠፋ። ችግር የለም ማለቱ ነው። ዝናብ ቢመጣስ? ራኮን ህንጅሩ። ሶላሩ ቢሰረቅስ? ራኮን ህንጅሩ። በምረቃው ቀን ስለ ርካሽነቱ ረጅም ንግግር ተደረገ፤ የብረቱ ምሰሶ ቀርቶ ባሕር ዛፍ በመተከሉ ወጪው እንዴት እንደቀነሰ ተብራርቶ ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ ጋሼ ሰማኸኝ እጃቸውን አወጡ።

«እንጨቱ ምን ተቀብቷል?»

«ቀለም አልተቀባም፣ ኦቦ ሰማኸኝ» አለ ሌሊሳ። «ወጪ ለመቀነስ ነው።»

«የቀለም ነገር አላነሳሁም። እዚህ አገር ምስጥ የማይበላው ብረትና ውሸት ብቻ ነው። እኛ የቤታችንን ቋሚ የተቃጠለ ዘይት ሳናጠጣ አንተክልም።»

ሌሊሳ ሳቀና ያቺኑ ቃሉን ደገማት። ሩክያ ግን አልሳቀችም። ስንት ዘመን የጠበቀችው ነገር ሪባኑ እንኳ ሳይቆረጥ ሊሟረትበት ሆነ። እዚያው ሰው ፊት፣ «ጋሼ፣ ለአንዲት ቀን እንኳ ዝም ቢሉልን ምን አለበት?» አለቻቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ «ብያለሁ» አሉና ሄዱ።

በጋውን ስልኩ ሠራ። ሩክያ ከወንበሯ ሳትነሳ አምቡላንስ ትጠራ ጀመር፤ ኩይሳውን ፍየሎች ተረከቡት፤ ጋሼ ሰማኸኝም ሥራ ፈቱ። ጤና ኬላው ደጅ በተተከለው ምሰሶ በኩል ባለፉ ቁጥር ግን በዱላቸው ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ይደቅናሉ። ሩክያ በመስኮት እያየች ትበግናለች።

ክረምት ገባ። አንድ ዝናባማ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ እታገኝ የምትባል የመንደሩ ሴት ጤና ኬላው ውስጥ ወለደች። ሕፃኗ ደህና ናት፤ የእናቲቱ ደም ግን አልቆም አለ። ሩክያ ስልኳን ስታነሳ ውጪ አንድ ነገር ጓ አለ። ብቅ ብላ ስታይ ምሰሶው አጥሩ ላይ ተጋድሟል። ከላይ ሲታይ ምንም አልሆነም፤ ውስጡ ግን ዱቄት ሆኗል። ሳህኑ ጭቃ ውስጥ ተደፍቷል።

ቀና ስትል ጋሼ ሰማኸኝ ዝናቡ ውስጥ ቆመዋል። አሁን ይላሉ፣ አለች በልቧ። ቢሉ ምን እንደምታደርጋቸው አላወቀችም።

አላሉም። እጃቸውን ዘረጉ።

«ስልኩን አምጪው፣ ልጄ። አንቺ ወደ ሴትዮዋ ግቢ።»

የአምቡላንሱን ቁጥር አውጥታ፣ ደሟ አልቆመም ብላ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው በዱላ እየተደገፉ ሰሊጡን አቋረጡ፤ የሚያዳልጠውን ኩይሳ በእጅ በእግራቸው ቧጥጠው ወጡ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፤ ማሳውንም ዝናቡንም አልፎ መጣ። ሹፌሩ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እስኪያባራ ይጠበቅ ሳይል አልቀረም፤ «መንገዱ እንደሚበላሽ ለቀበሌው ብዬ ነበር፤ አሁን እሱን ተወውና ና፣ ደሟ እየፈሰሰ ነው» ሲሉት ተሰማ። መስመሩ ይቆረጣል፤ ይደውላሉ። የት ደረስክ ይላሉ። ይቆረጣል፤ ደግሞ ይደውላሉ። ሹፌሩ በኋላ እንዳወራው ያን ጭቃ የተጋፈጠው ለጽድቅ ብሎ ሳይሆን ከዚያ ስልክ ለመገላገል ነው። ሩክያ የእታገኝን ሆድ እያሸች፣ እየተጫነች፣ ያን ድምፅ ትሰማ ነበር። ለዓመታት ያንገፈገፋት ድምፅ ነው። ያን ቀን እንዳይቆም ፈራች።

አምቡላንሱ ደረሰ፤ እታገኝ ተረፈች።

ብዙም ሳይቆይ ሌሊሳ አዲስ ምሰሶ በመኪና ጭኖ ተመለሰ። አዲሱም ባሕር ዛፍ ነው። ሩክያ ስታየው ደሟ ፈላ። መንደሩ ተሰብስቦ ወደ ጋሼ ሰማኸኝ ዞረ፤ እንዲህ ያለ ቀን ከእሳቸው ሌላ ማን አለው? እሳቸው ግን ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ያ የዝናቡ ቀን ጩኸታቸው ድምፃቸውን ዘግቶታል። አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲለማመዱት የኖሩት ቃል፣ ከሁሉ ቀን ይልቅ በሚፈለግበት ቀን ከዳቸው።

ሩክያ ተነሳች።

«ጋሼ ሰማኸኝ ብለው ነበር» አለች።

«ኦቦሌቲ ሩክያ፣ እህቴ፣ ብረት እኮ ውድ ነው» አለ ሌሊሳ። «አቅምን ማገናዘብ…»

«የማንን አቅም ነው የምታገናዝቡት? እታገኝ ደሟ ሲፈስ እዚህ ነበርክ? ርካሽ ርካሽ የምትሉትን የምንከፍለው እኛ ነን። ይህ እንጨት በመጣበት መኪና ይመለሳል። ብረት ይዘህ ና።»

ሌሊሳ ራኮን ህንጅሩ ሊል አፉን ከፈተ። እታገኝ ልጇን ታቅፋ ፊት ለፊቱ ቆማ ሲያያት ተወው። ከጎልማሶቹ ጋር ሆኖ ምሰሶውን መልሶ ጫነ፤ ብረቱን ሳልይዝ አልመጣም ብሎም ቃል ገባ።

ጋሼ ሰማኸኝ ሩክያን በዱላቸው ጠቀስ አደረጓት። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ምስጋና፣ ቢያንስ ምርቃት ጠብቃ ነበር።

«ብረትም ይዝጋል» አሉ በተዘጋ ድምፃቸው።

ልትቆጣቸው ፈለገች። እኚህ ሰው አይለወጡም፤ ገነት ቢያስገቧቸው የበሩን ማጠፊያ ይመረምራሉ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አደረገችላቸውና፣ መኪናው ሳይነሳ ሮጣ መስኮቱን አንኳኳች።

«ሌሊሳ፣ ብረቱ የዝገት መከላከያ ይቀባ» አለችው። «ብያለሁ።»