የክት ዳሌ

እኛ አዲስ ነገር ስንገዛ መጀመሪያ የሚያስጨንቀን እንዴት እንደምንጠቀምበት ሳይሆን እንዴት ሳንጠቀምበት እንደምናቆየው ነው። ላስቲኩ ሳይነሣ ሶፋው ያረጃል፤ ሪሞቱ በፌስታል እንደተጠቀለለ ቴሌቪዥኑ ይበላሻል፤ ደህና ቀሚሳችን ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠ እኛ እንወፍርበታለን። ከዚያ ለእህታችን ልጅ እንሰጠዋለን። እሷም የክት ታደርገዋለች። አትሣቁ፤ ቤታችሁን አውቀዋለሁ።

ዳሌ የክት ሲደረግ ግን ያየሁት በእትዬ በላይነሽ ብቻ ነው።

እትዬ በላይነሽ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳን ሽቅብ ቁልቁል ሲሏት የኖሩ፣ ለቅሶም ሠርግም ቢሆን ከድንኳኑ ቀድመው የሚደርሱ ሴት ነበሩ፤ ቀኝ ዳሌያቸው እስኪያልቅ ድረስ። ማለቅ ስል የእውነቴን ነው። የመገጣጠሚያው ልስላሴ ተበልቶ አጥንት ከአጥንት ይፋጭ ጀመር፤ ሐኪሞች አውጥተው ሌላ ቀየሩላቸው።

ስለገባላቸው ነገር ሳነብ (ማንበብ አመሌ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አያስተወኝም) አፌን ይዤ ቀረሁ። ትንሽ ሎሚ የምታህል፣ እንደ መስተዋት የተወለወለች የብረት ኳስ ናት፤ የምትሽከረከረው ሲኒ በመሰለ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ፕላስቲክ ስላችሁ የጆግ ክዳን እንዳይመስላችሁ። በጨረር የጠነከረ፣ ቶሎ እንዳያረጅም ቫይታሚን የተቀላቀለበት ነው። ቫይታሚን! በሰፈራችን እንዲህ የተንከባከቡት ሰው አላውቅም። ብረቱ ሲሽከረከርበት ፕላስቲኩ ለስለስ ብሎ ይቀበለዋል፤ የሚበላውም እሱ ነው፣ ያውም ዓመቱን ሙሉ ተፍጨርጭሮ ከፀጉር የቀጠነች ያህል። ድምፅ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። እንዲህ ሆኖ የቆየ ስንት ትዳር አውቃለሁ።

ጣጣው የመጣው ከሐኪሙ ሐቀኝነት ነው። እትዬ በላይነሽ ያልቃል ወይ ብለው ጠየቁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሊያልቅ ይችላል፣ እርስዎ ግን በደንብ ይራመዱ፣ ካልተራመዱ ጡንቻው ሟሽሾ አልጋ ላይ ይቀራሉ አላቸው። ከዚህ ሁሉ ንግግር «ያልቃል» የምትለዋን ብቻ ይዘው ቤታቸው ገቡ። ተቀመጡ።

ለጥምቀት ትሆነኛለች አሉ። ለልጄ ሠርግ ትሆነኛለች አሉ። መነሣት ግድ ሲሆንባቸው ክራንቻ ተደግፈው በግራ እግራቸው ብቻ ይራመዳሉ፤ አዲሲቱ እንደ ክቡር እንግዳ ሥራ ሳትነካ ትከተላለች። ልጃቸው ለመነች፣ ተቆጣች፣ በኋላም እኔ ቤት መጥታ አለቀሰች፤ ቀኝ ጭናቸው ሲቀጥን በዓይኗ እያየች ነበር፣ እናቷ በዚያው አልጋ ላይ እንዳይቀሩባት ፈርታለች። እኔም በተራዬ ያነበብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳምጠው፣ «ይኸው፣ ብርቅ ዕቃ ነው አላልኩሽም?» አሉኝ። ይባስ ብሎ ለአዲሲቱ ዳሌ ጋቢ ደረቡላት።

አንድ ጠዋት ጎራ ስል ጉልበታቸውን ሲያሹ አገኘኋቸው። ያበጠው የግራው ነው። ያን ሁሉ ሸክም ብቻውን ችሎ ከረመ፣ አሁን አልችልም አለ።

«እትዬ፣ ይሄኛው ደግሞ ቫይታሚን ገብቶበታል?» አልኳቸው።

 አንዱን እግር አዩ፣ ሌላውን አዩ። ሒሳቡን አሰሉት፤ ኪሳራ አይወዱም።

«እንዴት ያለሁ ጅል ነኝ!» አሉ በመጨረሻ። «የፈጣሪን አስጨርሼ የፈረንጅን ላስቀምጥ? በይ ክንድሽን ስጪኝ።»

መጀመሪያ እስከ በር ሄድን፣ ቀጥሎ እስከ አስፋልቱ። ፊታቸው ላይ ላብ ችፍ ይል ነበር፣ ግን አንዴ ከጀመሩ የሚመልሳቸው አልተገኘም። ያቺ የብረት ኳስም ሳትንቋቋ፣ ሳታማርር፣ ሴትዮዋን የሚያህል ጉድ ተሸክማ ትሽከረከራለች። እኔ ብሆን ከመጀመሪያው ለቅሶ በኋላ አልቄ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቸርችል ጎዳናን እስከ ታች ወርደን ሽቅቡን ተመለስን። እሳቸው ክራንቻቸውን በብብታቸው ይዘው ይመራሉ። እኔ መሀል ላይ ግንብ ተደግፌ ቀረሁ። እትዬ በላይነሽ ዞር ብለው ቆሙልኝና ከላይ እስከ ታች፣ በተለይ ዳሌዬ ላይ ረጋ ብለው አዩኝ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «ያንቺም እስኪያልቅ ነው።»