የድንች ማህተም

እኛ ሰዎች ማህተም ስንወድ! ቃል ይታጠፋል፣ ፊርማም ይካዳል፤ ማህተም ግን ማህተም ነው። ወልድያ ለአንዲት ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ውለን፣ ያቺ ወይን ጠጅ ክብ «ጧ!» ስትል ልባችን ቅቤ ይጠጣል። እርስዎም እንዲሁ ነዎት፤ አይሳቁ። ወረቀቱ ምን እንደሚል ከማንበብዎ በፊት ግርጌውን አይደል የሚያዩት?

መርሳ ያለችው ጎረቤቴ ዘሀራ ግን ማህተምን ለሌላ ጉዳይ አዋለችው። የሠርጌን መጥሪያ ካርድ በእጄ እሠራለሁ ብላ ተነሳች። ድንች ለሁለት ትከፍላለች፣ ፊቱን በጨርቅ አድርቃ በምላጭ አበባ ትቀርጽበታለች፣ ቀለም በጠጣ ስፖንጅ ላይ ታስነካውና ካርዱ ላይ ትጫነዋለች። «ሲነሳ ቀጥ ብሎ ነው፤ ካወላገዱት አበባው ጎመን ይሆናል» ትላለች። ቀይ ቀለም ነበር የፈለገችው። ሱቁ ያለው የቢሮ ማህተም ቀለም ብቻ ሆነና አበቦቿ ሁሉ ክብና ወይን ጠጅ ሆነው አረፉት።

አሁን ወደ ጭንቋ ልምጣ። የአባቷ ታላቅ ወንድም አያ ሰይድ ሲሪንቃ አጠገብ ይኖራሉ። ከአባቷ ጋር ድንበር ላይ በበቀለች አንዲት ማንጎ ተጣልተው «ወላሂ ደጁን አልረግጥም!» ብለው በጎረቤት ፊት ምለዋል። ማንጎዋ ደርቃ ከተቆረጠች ቆየች፤ ጠቡ ግን እንደለመለመ አለ። ሽማግሌ ተላከ፣ ሸሆች ተላኩ፣ እንቢ አሉ። ዘሀራ ደግሞ ያለ እሳቸው ዱዓ አልዳርም እያለች ታለቅሳለች። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል። አያ ሰይድ ከአህያዋም ባሱ።

የእሳቸውን ካርድ በባጃጅ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። አያ ሰይድ ተቀብለው አገላበጡት፣ ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት። ጎረቤቶቻቸው ከበቡን።

«ይች ማህተም አይደለችም እንዴ?» አሉ ጮክ ብለው።

«አያ ሰይድ፣ እሷ እንኳ ድን…»

«በቃ! መንግሥት ከጠራ እንቢ አይባልም!»

እኔም ድንቹን ዋጥኩት።

የሠርጉ ዕለት፣ በዚያ የመርሳ ሙቀት፣ ካፖርት ደርበው መታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ደጁን ረገጡ። ወንድማቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው ቆሙ። ዘሀራ አላስቻላትም፤ ሮጣ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አያ ሰይድ፣ አውፍ ይበሉኝ። መንግሥት አልጠራዎትም። ማህተሟ ድንች ናት።»

ጎንበስ ብለው አነሷት። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሹክ ያሏትን ሰምቻለሁ።

«ድንችና ቀበሌ የማልለይ መሰለሽ? ለሽማግሌ ብዬ ብመጣ ‹ሰይድ ተሸነፈ› ይሉኛል። መንግሥት ካስገደደኝ ግን ማን ያማኛል? ለወላሂው እጾማለሁ፤ የሰው አፍ ግን በጾም አይዘጋም።»

ከዚያ ቀና ብለው ወደ ወንድማቸው ጮኹ፦ «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ተጠርቼ ነው የመጣሁት!»

ወንድማቸው እንደ ልጅ እያለቀሱ አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል?

ዘሀራ በእሳቸው ዱዓ ተዳረች። ዛሬ በእኛ ሰፈር የተኳረፈ ሁሉ ድንች ይዞ ደጇን ያንኳኳል። እኔም ትናንት ከገበያ አንዲት ደህና፣ ክብ ድንች መርጬ ገዝቻለሁ። ከማን ጋር እንደተኳረፍኩ ግን አልነግርዎትም።