ሽንኩርት ይብዛላት

ዳገት አልወድም። አዲስ አበባ ሳለሁ እንኳ እንጦጦ እንውጣ የሚል ሰው ሲመጣ ራሴን አመመኝ ብዬ እተኛ ነበር። ታዲያ ዳገት የማትወድ ሴት ካምፓላ ምን ልትሠራ መጣች ካላችሁኝ መልስ የለኝም። ከተማው ጉብታ በጉብታ ነው። እኔ ግን ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ኪሱጉ ውስጥ ለጥ ያለውን ቦታ መርጬ ምግብ ቤቴን ከፈትኩና አሥራ አራት ዓመት ሽቅብም ቁልቁልም ሳልል ኖርኩ።

ምን ዋጋ አለው? ልጄ ሕሊና ኮሌጅ ገባች። ኮሌጁስ የት ቢሆን ጥሩ ነው? ከተማውን ተሻግሮ፣ ኮረብታ አናት ላይ!

ኮረብታው ራሱን የቻለ ከተማ ነው። ሆስቴሉ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ የቦዳ ሞተር መዓቱ፣ ሁሉም የሚኖረው በተማሪ ነው። ሕሊና የምትገባው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ ልጄን ወደማላውቀው አገር አልሰድም አልኩ። አገር! ከቤቴ በቦዳ አርባ ደቂቃ አይሞላም እኮ። ሳቁ ሳቁ፣ አልቀየማችሁም።

እናም ያንን ክረምት ኮረብታውን ሳጠና ከረምኩ። ክረምት የምለው በልማድ ነው፤ እዚህ ሐምሌ ላይ ከዝናቡ አቧራው ይበዛል። ጠዋት ወጤን ሠርቼ፣ ቤቱን ለሕሊና አስረክቤ እወጣለሁ። እሷ በር ድረስ ትከተለኝና "እማ፣ አብሬሽ ልሂድ?" ትለኛለች። "አንቺማ አራት ዓመት ሙሉ ልታዪው አይደል? ይልቅ ቤቱን ጠብቂልኝ" እላታለሁ። በማግስቱም ትጠይቀኛለች። በማግስቱም ያንኑ እመልሳለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መጠየቅ ተወች። እኔ ደግሞ፣ እሰይ፣ ገባት ብዬ ደስ አለኝ።

ምን አጠናሁ መሰላችሁ? ዝናብ ሲጥል የትኛው መታጠፊያ እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት እንደሚያበላሽ ጠይቁኝ። የሆስቴሉን አልጋ እንኳ ተኝቼ ሞክሬዋለሁ፣ ጠባቂዋ ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ። ሙቅ ውኃ አለ ስላሉኝም ቧንቧውን ከፍቼ ጠበቅሁ። አልሞቀም።

ዋናው ሥራዬ ግን አደራ ማለት ነበር። አደራን ለእዚህ አገር ሰው ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጆሴፍ የሚባል የቦዳ ነጂ አለ፤ ልጄን አደራ አልኩት። "ኖ ፕሮብሌም፣ ኛቦ" አለኝ፤ ኛቦ እሜቴ እንደማለት ነው። እንዴት ኖ ፕሮብሌም ይባላል? አደራ እኮ ራሱ ፕሮብሌም ነው አልኩት። በእግዚአብሔር ፊት የምትሸከመው ነው፣ ከበላኸው አይለቅህም፣ እንቅልፍ ይነሳሃል አልኩት። ሰውየው ሄልሜቱን አውልቆ ነው የሰማኝ። ፈርቶ መሰለኝ ስልክ ቁጥሬን መዘገበ።

ሙሳ ግን ወዲያው ገባው። ሙሳ የሆስቴሉ በር ላይ ሮሌክስ ይሠራል። ሰዓቱን አይደለም የምላችሁ፤ እዚህ ጥብስ እንቁላል ቻፓቲ በሚሉት ቂጣ ሲጠቀለል ሮሌክስ ይባላል፣ ተማሪው ሁሉ የሚያድረው በሱ ነው። ሙሳ ረጋ ያለ፣ አምስት ወቅት የሚሰግድ ሰው ነው። "እኛ አማና እንለዋለን" አለኝ ደረቱን ይዞ። እንደ ወንድሜ ወደድኩት። እኛ ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፣ በነዚህ ቀናት እንቁላል እንዳትሰጣት አልኩት። ከሰል አንስቶ ከመጥበሻው በላይ ጣውላው ላይ ጻፈው። ከዚያ "ሽንኩርትስ ትወዳለች?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ሽንኩርት ይብዛላት!" አልኩት አፌን ሞልቼ። ምግብ ቤት ያላት እናት ይህን ትጠየቃለች?

ፍልሰታ ተፈታና ልጄን ይዤ ወጣሁ። የዚያን ቀን ኩራቴን ብታዩት! ከታች እስከ ላይ ሰላምታ ነው። ፀጉር ቤቱ "ማማ ሕሊና!" ይላል፣ ፎቶ ኮፒው "ይቺ ናት እንዴ?" ይላል። ሕሊና ሻንጣዋን እየጎተተች ከኋላዬ ትከተላለች። ዞር ብዬ "አየሽ?" አልኳት። "አየሁ" አለች። ድምፅዋ ቅጥን ብሏል። ዳገቱ ነው አልኩ።

በሳምንቱ ጆሴፍ ደወለልኝ፤ ሕሊና ከሦስት ልጆች ጋር ቡኮቶ የሚባል ሰፈር ወርዳለች አለ። ወዲያው ደወልኩላት። ቡኮቶ ምን ትሠሪያለሽ አልኳት። "ያለሁበትን ማን ነገረሽ?" ብላ ጠየቀችኝ እንጂ የልደት ግብዣ መሆኑን የነገረችኝ ኋላ ነው።

ከዚያ ደግሞ ያ ረቡዕ መጣ። አዳዲስ ጓደኞቿን ይዛ ሙሳ ዘንድ ሄደች። ሙሳ ለሁሉም ጠበሰ። የሷ ተራ ሲደርስ ግን ጣውላውን አሳያትና ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እናትሽ እንቁላል ከልክላለች አላት፣ ያ ሁሉ ተማሪ ተሰልፎ። ልጆቹ ሳቁ። እሱ እቴ፣ አማናውን እንዳይበላ ብሎ ባዶ ቻፓቲ ውስጥ ሽንኩርት አጭቆ ሰጣት፣ እንደታዘዘው አብዝቶ። ይህን የነገረኝ ራሱ ሙሳ ነው፣ ደስ ብሎት። እኔም መረቅሁት። አዎ፣ መረቅሁት!

እሑድ ሕሊና ቤት መጣች። ጥብስ ሠራሁላት። ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ወደ ዳር ታወጣለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

"ሽንኩርት አልበላም እማ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፕራይመሪ ጀምሮ።"

አብራኝ የምትሠራው ወርቄ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "የሷን እኮ ሁሌም ለብቻ ነው የማወጣላት፣ እትዬ" አለች። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ክረምቱን ማታ ማታ ከኮረብታው ስመለስ ሕሊና ዓይኗ ቀልቶ አገኛት ነበር። ምን ሆንሽ ስላት ሽንኩርት ነው ትለኝ ነበር። እኔ ቤት ሽንኩርት የምትከትፈው ወርቄ ናት።

"አብሬሽ ልሂድ ያልኩሽ ኮረብታውን ለማየት ብዬ እኮ አይደለም" አለችኝ ሕሊና ሳህኑን እያየች። "ከቤት ከመውጣቴ በፊት ካንቺ ጋር ልዋል ብዬ ነው።"

ይህን ሰምታ ልጇን የማታቅፍ እናት አለች? እኔ አለሁላችሁ። ሲያፍሩ መቆጣት አመሌ ነው፤ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩባት። "በየቀኑ ነግሬሽ ነበር" አለች።

ተርሙ ሲያልቅ ምባራራ ወዳለ ኮሌጅ ተዛወረች። ምባራራ ሩቅ ነው፤ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንድ የማውቀው ሰው የለኝም። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል አቅፋ ሳመችኝና "እማ፣ አደራሽን፣ ሳልጠራሽ እንዳትመጪ" አለችኝ።

አደራ አለችኝ! በእግዚአብሔር ፊት ነው፣ እንቅልፍ ይነሳል እያልኩ የለፈለፍኩት ሁሉ እኔው ላይ አረፈ። ትደውላለች፣ ደህና ነኝ ትላለች። ነይ ግን አላለችም። ያቺን አንዲት ክረምት ከየት አምጥቼ ልመልስላት? እግሬ እስኪቃጠል ወጣሁ ወረድኩ፣ ልጄ ቤት ተቀምጣ።

አሁንም አልፎ አልፎ ኮረብታው ላይ እወጣለሁ። ምን ላድርግ፣ የማውቀው እሱን ነው። ባለፈው ሙሳ ዘንድ ሄጄ አንድ ሮሌክስ አዘዝኩ፣ ለራሴ። ሽንኩርት ላብዛልሽ አለኝ። ጨርሶ እንዳታደርግ አልኩት። አንቺ ትወጂ የለም እንዴ ሲለኝ፣ እወዳለሁ፣ ግን አንድ ቀን ስትጠራኝ አብሬያት ስለምበላ ካሁኑ ልልመደው ብዬ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እንቁላሉን አንስቶ ሊሰብር ሲል ግን ቀና ብሎ ጣውላውን አየና መልሶ አስቀመጠው።

"ኛቦ" አለኝ በትሕትና፣ "ዛሬ ዓርብ ነው።"

እንቁላልም ሽንኩርትም የሌለው ቻፓቲዬን ይዤ ዳገቱን ወረድኩ።