አበረታች የወሰደው ባትሪ

ተቋማችን ንቁ ተቋም ነው። ጥፋት ከመፈጸሙ በፊት ጥፋተኛውን በማግኘት በጅማ የሚስተካከለው የለም። የሯጮቻችን ስም ከአበረታች መድኃኒት፣ ከዶፒንግ ጋር እየተነሣ አገር በተሸማቀቀበት ሰሞን፣ «የአሉሚኒየም ዶፒንግ በሊቲየም ባትሪ ካቶድ ላይ ያለው ውጤት» የሚል የምርምር ርዕስ ሲቀርብ፣ ኃላፊያችን አቶ እሱባለው እንደ ተራ ሰው አይተው አላለፉትም። የቤተ ሙከራውን ምድጃ በዕለቱ አሳሸጉ፤ ተመራማሪዋን ናዝራዊትንም ለግምገማ ጠሩ።

ናዝራዊት ችኮላ ነበረባት። ሰርቦ ጤና ጣቢያ መብራት በሄደ ቁጥር ሲስተር ጵርስቅላ እናቶችን የምታዋልደው በሻማ ነው። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ኃይሉን የሚያጠራቅመው ባትሪ ግን ቶሎ ቶሎ እየሞተ አስቸግሯል። ናዝራዊት ዕድሜው የሚረዝም ባትሪ ሠርታ ልታመጣላት ቃል ገብታ ነበር። ቃሉን የገባችው ኃላፊዋን ሳታማክር መሆኑ በግምገማው እንደ ድክመት ተነሥቷል።

በግምገማው ሁላችንም ንቁ ተሳትፎ አደረግን። አንድ ባልደረባችን የባትሪው ሽንት ይመርመር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ የወደቀው ባትሪ ሽንት የለውም ተብሎ ሳይሆን መመርመሪያው አዲስ አበባ ነው ተብሎ ነው።

ናዝራዊት በትዕግሥት አስረዳች። ካቶድ የባትሪው አንዱ ጫፍ ነው። ባትሪው ሲሞላ ሊቲየሙ ከዚያ ይወጣል፣ ሲሠራ ተመልሶ ይገባል፤ በዚህ መውጣትና መግባት ካቶዱ የተሠራበት ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን ያቆመው መዋቅር ቀስ በቀስ እየተናጋ ይፈርሳል። ስለዚህ ከማንጋኒዙ ጥቂቱ ይነሣና በቦታው አሉሚኒየም ይቀመጣል። ዶፒንግ ማለት ይኸው ነው፤ ከሯጭ ጋር አይገናኝም።

መዋቅር የሚለው ቃል ሲነሣ አቶ እሱባለው ከተደገፉበት ቀና አሉ።

«አሉሚኒየሙ እዚያ ገብቶ ምን ይሠራል?»

«እሱ ምንም አይሠራም። ኃይል የሚሰጠው ማንጋኒዙ ነው። አሉሚኒየሙ ቦታ ይዞ መዋቅሩ እንዳይፈርስ ያደርጋል።»

«ምንም አይሠራም፣ ግን ቦታ ይይዛል፣ መዋቅሩም አይፈርስም?»

«እንደዚያ ነው።»

የአቶ እሱባለው ዓይን እንባ አቀረረ። ይህን ሁሉ ዘመን በኃላፊነት ሲያገለግሉ ሥራቸው ምን እንደሆነ በሳይንስ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። እኛም ተነካን።

ምርምሩ ወዲያው ጸደቀ። ናዝራዊት አሉሚኒየሙ ከበዛ የባትሪው አቅም እንደሚወርድ፣ ከመቶ ጥቂት እጅ እንደሚበቃ ብትናገርም፣ ኃላፊው አደረጃጀቱ አንድ ለአምስት እንዲሆን አዘዙ። እሷ አንድ አሉሚኒየም ለአምስት ማንጋኒዝ መስሏት በዛ ብላ ተከራከረች። አቶ እሱባለው በአባታዊ ትዕግሥት አረሟት፤ አምስቱ አሉሚኒየም ነው። ማንጋኒዝ የመፍረስ ዝንባሌ እንዳለው ራሷ መስክራለች፤ ስለዚህ አንዱ ማንጋኒዝ በአምስት ይደገፋል።

«አቅሙስ?» አለች።

«አቅምን በሥልጠና እንገነባለን።»

እምቢ ብትል ምድጃው እንደታሸገ ሊቀር ነው። እሺ አለች። ምድጃው ከተከፈተ በኋላ በራሷ ልክ ልትሠራ አስባ ነበር መሰለኝ፤ ይህንንም ቀድመን ጠርጥረን እየተፈራረቅን ስንጠብቃት ከረምን።

የምረቃው ዕለት አንድ ለአምስት የተሠራውን ባትሪ ይዘን ሰርቦ ደረስን። አቶ እሱባለው ንግግራቸውን ሲያረዝሙ መሸ፤ መብራትም እንደ ልማዱ ሄደ። በዚሁ መሐል ሸኩር የሚባል ገበሬ ምጥ የያዛትን ሚስቱን አምጥቶ አስገባ። ኃላፊው ታሪካዊውን ማብሪያ ተጫኑት። ጨለማው ንቅንቅ አላለም።

«ፈረሰ እንዴ?» አሉ።

«አልፈረሰም» አለች ናዝራዊት። «ሊቲየሙ አልወጣ፣ አልገባ፤ ምን ያፈርሰዋል?»

አቶ እሱባለው መዋቅሩ አለመፍረሱን አበሠሩን። አጨበጨብን፤ በጨለማ ማጨብጨብ ለእኛ አዲስ አይደለም።

ሲስተር ጵርስቅላ ከማዋለጃ ክፍሉ ባትሪ የያዘ ሰው እንዲመጣላት ተጣራች። ሻማው አልቆባት ኖሯል። ሸኩር «ማሎ፣ ጋሼ፣ ማሎ» እያለ በኦሮምኛ እየተማጸነ ኃላፊውን በክንዳቸው ጎትቶ በሩ ላይ አቆማቸው። አቶ እሱባለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ የስልካቸውን ባትሪ አብርተው፣ ክንዳቸው እስኪዝል ይዘው ቆዩ። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን የሠሩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሕፃኑ በሰላም ተወለደ።

ሪፖርቱ መኪና ውስጥ አለቀ፤ «እናት በባትሪ ብርሃን በሰላም ተገላገለች» ይላል። ውሸት ነው የሚል ካለ ይምጣ።

ናዝራዊት ግን አልዋጥ አላት። ያ የስልክ ባትሪም ሊቲየም መሆኑን፣ ሠሪዎቹም እንዲሁ ዶፒንግ እንደሚጠቀሙ ነገረቻቸው።

«ስንት ለስንት ነው?» አሉ አቶ እሱባለው በጉጉት።

«ከመቶ አንድ ቢሆን ነው። ጋሼ፣ ለሲስተር ጵርስቅላ አንድ ብቻ በዚያ ልክ ልሥራላት።»

አቶ እሱባለው ስልካቸውን አገላብጠው በኀዘኔታ አዩት።

«ተይ ልጄ» አሉ። «እነሱ ገና አልተደራጁም። እንዲህ ያለ ነገር ማዋለጃ ክፍል አናስገባም።»