አልጋው ላይ የሞተው አብራሪ

እኔና ባለቤቴ በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ምስር መልቀም ነበር። ከህንዱ ሱቅ የተገዛ፣ ግማሹ ጠጠር የሆነ ምስር! እሱ የደንብ ልብሱን ሱሪ እንደ ለበሰ፣ ከላይ በካናቴራ፣ ሰፌዱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ አንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳና “ይቺ ድንጋይ ነች ወይስ ምስር?” ይለኛል። “ነክሰህ እያት” እለዋለሁ። ከዚያ እጁን ታጠበ፣ ኮቱን ደረበ፣ ቆቡን አጠለቀ፣ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት በሄደበት ከተማ፣ አብራሪዎቹ በሚያድሩበት ሆቴል፣ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። እንቅልፍ ላይ እንዳለ።

ይኸው ነው። ሌላ የለውም። “ከዚያስ?” ብላችሁ ከሆነ... እናንተም ከባሌ ዘመዶች ወገን ናችሁ ማለት ነው!

ይህን እወቁልኝ፦ አገራችን አልጋው ላይ የሞተ ወንድ አይወድም። ጦር ሜዳ የቀረ፣ ከፈረስ የወደቀ፣ ጎርፍ የወሰደው፣ ሌላው ቢቀር በድንበር ጠብ የተፈነከተ... ለእነዚህ እንባ ሞልቷል። አልጋው ላይ ለሞተ ግን እንባው በክረምት እንደሚሰፈር እህል ተቆጥቦ ነው የሚወጣው። ሟቹ አውሮፕላን ነጂ ሲሆንማ አልጋ ላይ መሞት ነውር ሆኖ አረፈ!

ባለቤቴ ጌታሁን የእስቴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ተምሮ ካፒቴን ከሆነ በኋላ ከባሕር ማዶ፣ ዝናብ የማይዘንብበት አንድ የነዳጅ አገር ቀጠረው፤ ተከትዬው ሄድኩ። በአንድ ግቢ ውስጥ ግሪኩ፣ ስዊድኑ፣ እንግሊዙ፣ እኛ... ሁላችንም የሰው አገር አውሮፕላን ለማብረር የተሰበሰብን። የእንግሊዙ ሚስት ባየችኝ ቁጥር “አገራችሁ መንገድ አለ?” ትለኛለች። “የለም፤ ለዚህ ነው ባሎቻችን መብረር የተማሩት” አልኳት አንድ ቀን። አምናኝ ለግሪኩ ሚስት አወራችላት!

መንገደኞቹም ያው ናቸው። አንድ ባለጸጋ፣ ጣቱ በቀለበት የተሞላ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ ባሌን “አብራሪው የታለ?” አለው።

“እኔ ነኝ ጌታዬ።”

“አይ፣ ነጩን ማለቴ ነው።”

“ነጩ ዛሬ የለም። እርስዎ ከተቀመጡ ግን እኔም እሞክራለሁ።”

ሰውየው ተቀመጠ። ገና ሳይነሱ አንቀላፋ፤ ሲደርሱ አስተናጋጇ ቀሰቀሰችው። ጌታሁን ይህን ሲነግረኝ የሳቀው በስድቡ አልነበረም። “ጎማው መሬት ሲነካ እንኳ አልነቃም!” ብሎ ነው ደስ ያለው። የእሱ ጉራ ይህ ብቻ ነበር። እንግሊዙ ማታ ማታ ጠርሙሱን ይዞ መብረቅና ማዕበል ሲያወራ ያመሻል። ባሌን “እንዴት ዋልክ?” ስለው “ምንም” ይለኛል። ትከሻውን ሰፋ አድርጎ ነው “ምንም” የሚለው። አብራሪ “ምንም” ካለ የተሳፈረው ሁሉ ቤቱ ገብቷል ማለት ነው።

እዚያው ቀበርኩትና ሻንጣውን ይዤ ወደ አገሩ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ መጣሁ። ሬሳ ባይኖርም ለቅሶው አይቀርም። በእኛ አገር ደግሞ የትልቅ ሰው ለቅሶ ሲሆን በቅሎው ከነኮርቻው፣ ጠመንጃው፣ ልብሱ ይወጣል፤ አልቃሽ ቆማ የሠራውን ጀብዱ እየጠራች ታስለቅሳለች። ከለቅሶው በፊት የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዬ ግራዝማች ደሴ፣ ቤተ ዘመዱን ሰብስበው አስቀመጡኝ።

“አሟሟቱን በደንብ ንገሪን እንጂ።”

“ተኝቶ ነው የሞተው፣ ግራዝማች።”

“እሱን ለባዕድ ንገሪ። እኛ ወንድሞቹ ነን!”

“አልጋው ላይ ነው።”

“አልጋው የት ነበር? አውሮፕላኑ ውስጥ?”

“ሆቴል ውስጥ።”

“ሆቴሉ ፎቅ ነው?”

“አዎ፣ ፎቅ ነው።”

ግራዝማች ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩ። “ሰማችሁ? ከፍ ያለ ቦታ ነው!” አሉ።

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ሁሉ ለቅሶ እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ወደቀ እንዳይባል። ሌላውን የፈለጉትን ይበሉ። መልከ መልካም ይበሉት፣ ቸር ይበሉት፣ ንጉሡን በስማቸው ይጠራ ነበር ይበሉ! ወደቀ ግን አይበሉ። ዕድሜ ልኩን ላለመውደቅ የደከመን ሰው!

አልቃሿ እትዬ የሺ ደግሞ ለብቻዬ ወሰዱኝ። የታወቁ ናቸው፤ ከአርብ ገበያ ድረስ ይፈለጋሉ።

“ልጄ፣ ምን ገደለ?”

“ማንንም አልገደለም።”

“ምን ማረከ?”

“ምንም።”

“ታዲያ ምን ሲሠራ ኖረ?”

“ሰው ያሳፍራል... ያወርዳል።”

“አውሮፕላኑ የራሱ ነው?”

“የሰው ነው።”

“አገሩስ?”

“የሰው ነው።”

እትዬ የሺ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። “ኧረ ልጄ፣ ይሄ በምኑ ይለቀሳል?”

የለቅሶው ቀን ሜዳው በሰው ሞላ። የግራዝማች በቅሎ ተሸልማ ወጣች፤ ኮርቻዋ ላይ የባሌ ኮት፣ ኮቱ ላይ ባለ ወርቅ ዘርፉ ቆብ። እግዜር ያሳያችሁ! ጌታሁን በዓለም ላይ የሚፈራው እንስሳ ቢኖር በቅሎ ነው። ለዕረፍት ስንመጣ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። “ሰማይ ለሰማይ የሚሄድ ሰው ገደል ይፈራል?” ብለው ግራዝማች ሲስቁበት “ሰማይ ላይ ገደል የለም፣ ጋሼ” ይላቸው ነበር። ይኸው ሞቶም በቅሎ ላይ አወጡት።

እትዬ የሺ ተነሡ፣ ድምፃቸውን አወጡ፦

“ደመናውን ጥሶ ሲገሰግስ ኖሮ፣
ወደቀ አሉ ጀግናው እንደ ንስር በርሮ።”

ሜዳው ተናጋ! አንጀቱን ያልበላው የለም፣ ደረቱን የማይደቃ የለም። ግራዝማች “ከነሞተሩ! ወንድሜ ከነሞተሩ!” እያሉ ይዘላሉ። ከጩኸቱ ብዛት በቅሎዋ ደንግጣ ብትፈራገጥ ቆቡ ጭቃው ላይ ዱብ አለ። በሕይወቱ ሙሉ ከጌታሁን የወደቀ ነገር ቢኖር ያ ቆብ ብቻ ነው።

እኔም ብድግ አልኩ። “አልወደቀም!”

“ውኃ ስጧት! ኀዘን ናላዋን አዞረው!” ይላሉ ሴቶቹ፤ ነጠላዬን ወደ ታች ይጎትታሉ።

“አልወደቀም! አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም! አልጋው ላይ ነው የሞተው!”

“አንቺ ሴት!” አሉ ግራዝማች። “በሕዝብ ፊት ወንድሜን አታዋርጂው!”

“ያዋረዱትስ እርስዎ! ወደቀ ካሉ የተሳፈረውን ሁሉ ፈጀ ማለትዎ ነው። የዚያን ሁሉ ሰው ነፍስ ሊያሸክሙት ነው?”

የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሥላሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው አሰቡ፣ አሰቡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እሱስ... ነገሩ ከባድ ነው። የስንት ሰው ፍታት ነው የምንፈታው? ክርስቲያኖች ነበሩ?”

ግራዝማች ላብ አጠመቃቸው። “የለም አባ፣ ብቻውን ነው የወደቀው።”

“ብቻውን?” አለ ከወደ ኋላ የደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ሾፌር። “መንገደኛ ሳይጭን ተነሣ እንዴ? ሰርቆት ነው ታዲያ?”

ከጀግና ወደ ነፍሰ ገዳይ፣ ከነፍሰ ገዳይ ወደ ሌባ! ባሌ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያለፈበትን መዓርግ እዩልኝ። ግራዝማች ዞረው በቅሎዋን መስደብ ጀመሩ።

እትዬ የሺ ወደ እኔ ቀረብ አሉ። “እንግዲያው ምን ልበል? ሰው አሳፍሮ አወረደ ልበል?”

“እሱኑ ይበሉ።”

“ማን ያለቅስልሻል?”

“እኔ አለቅሳለሁ።”

ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያንጎራጉር ሰው፦

“ስንቱን በሰማይ ላይ ተሸክሞ ውሎ፣
እንቅልፉን ሳይነካ አወረደው ችሎ።”

እንደ ፈሩት ሆነ። አንድም ደረት አልተደቃም። አንዱ አሳለ፣ አንዱ ሰማዩን አይቶ “ዝናብ ሊመጣ ነው” አለ፣ ቤተ ዘመዱ እርስ በርሱ ተያየ። ሾፌሩ ብቻ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። እኔም ባሌ ከሞተ ጀምሮ ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የወጣልኝ።

ግራዝማች ግን ተሸናፊ አይደሉም። ዛሬም ገበያ በወጡ ቁጥር ወንድማቸው ሌላ ተራራ ላይ ይወድቃል፤ ሞተሩም እየበዛ ሄዷል። የሚሰማቸው አላጡም። የእኔ ወሬ ግን ለአንድ ዋንጫ ጠላ እንኳ አይበቃም።

አሁን መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይቼ ለልጃገረዶች ንባብና ልብስ ስፌት አስተምራለሁ። “ባልሽ እንዴት ሞተ?” የሚለኝ ሰው ሲመጣ መርፌዬን አስቀምጬ “ተኝቶ” እላለሁ።