የሳሌህ ዋስትና

የሰው አገሩ የት ነው ብትሉኝ፣ ሊጥ ያቦካበት ነው እላችኋለሁ። ፊደል ስላልቆጠርኩ ይሆናል ነገሩ እንዲህ የሚቀለኝ። እኔን አባቴ ከጎጃም በበቅሎ አፈናጦ ነቀምቴ ሲያመጣኝ፣ ዜግነትሽ የት ነው ያለኝ የለም። ኦሮምኛዬ እስከ ዛሬ ይሰባበራል፤ የገበያ ሴቶች ይስቁብኛል እንጂ ከሥራ አልከለከሉኝም።

ሳሌህን ግን ተመልከቱልኝ። ከየመን ሲመጣ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር። እዚሁ ባኬ ጃማ ሰፈር እጎረቤቴ አደገ፤ "አከም ቡልቴ፣ ሃርሜ" ሳይለኝ አያልፍም፣ እናቴ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው። ዳቦ ቤቱን ከአባቱ ጋር ጡብ በጡብ ሠራው። ደርግ መጣና ቀበሌው ወረሰው። ይሁን፣ ስንቱ ተወርሷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሳሌህ በገዛ ምድጃው ልቀጠር ቢል የቀበሌው ጓድ ሊቀመንበር፣ "የውጭ ዜጋ በመንግሥት ሥራ አይገባም" አሉት። ታዲያ ማን ይጋግር? ራሱ ሳሌህ ነዋ። በቀን ሠራተኛ ስም፣ በጓሮ በር እየገባ፣ በግማሽ ዋጋ። እጁ የአገር ልጅ፣ ደመወዙ የውጭ ዜጋ።

ያጫት ልጅ አባት ደግሞ ለቀን ሠራተኛ ልጄን አልሰጥም ብለዋል። አዲስ አበባ ሲመላለስ ከርሞ የኢትዮጵያ ዜግነት አወጣ። "አሁን ቋሚ እሆናለሁ፣ ሃርሜ፤ እኔም እንደ ሰው አገባለሁ" አለኝ።

ጓድ ሊቀመንበር ወረቀቱን አገላብጠው፣ "ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ" አሉት። እናንተዬ፣ መንግሥት ልጄ ነህ ያለውን ሰው ደግሞ ማን ይዋሰው? እኔ ልፈርም ብል አውራ ጣት እንጂ ደመወዝ የለኝም። ዳቦውን በልቶ ያደገው ሁሉ፣ "አረብ ነው፣ ነገ ጥሎን ቢሄድስ" እያለ ሸሸው። በስንት ደጅ ጥናት የሆስፒታሉ ዘበኛ ኦቦ ዲንሳ ፈረሙለት። ቋሚ ሆነ፤ ደመወዙ እጥፍ ሆነ፤ ሙሽራዋም ገባች። ወረቀት ሥራ ይሠራል፣ አልክድም።

ዓመት ሳይሞላ ጓድ ሊቀመንበር ራሳቸው ሳሌህ ደጅ ቆሙ። የእህታቸው ልጅ የዳቦ ቤቱ ተቆጣጣሪ ሊሆን ነው፤ ዋስ ይፈልጋል፤ ሊቀመንበርነት ደግሞ ደመወዝ የለውም።

"ጓድ ሳሌህ" አሉት። ለካ ጓድም ኖሯል።

"እንዳትፈርም" አልኩት ዞር ሲሉ።

"እምቢ ካልኩማ፣ ሃርሜ፣ አረቡ እምቢ አለ ነው የሚባለው" አለኝ። የልጁን ፊት እንኳ ሳያይ ፈረመ።

ልጁ ሥራ የጀመረ ጠዋት እኔም የዳቦ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። አዲሱ ተቆጣጣሪ ወደ ምድጃው በአገጩ እየጠቆመ፣ "የሚጋግረው ይሄ አረብ ነው እንዴ?" አለ።

"አዎ ልጄ" አልኩት፣ "ዋስህ ነው።"

ሰልፉ ሳቀ። ልጁ ግን የኔን ዳቦ ያረረውን መርጦ ሰጠኝ።